ቪዲዮ መሥራት ሥራ ነው ወይስ ሥራ መፍታት?

ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው። አንድ ወጣት ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ያቺኑ አንዲት ዓረፍተ ነገር ለአሥራ አራተኛ ጊዜ ይሰማል። ንግግሩ ጥሩ ነው። ግን ከጀርባው የፍሪጅ እንጉርጉሮ አለ። ሊያጠፋው ይሞክራል። የፍሪጁ ድምፅ ሲጠፋ የራሱም ድምፅ ከቆርቆሮ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ይመልሰዋል፣ እንደገና ይሞክራል። ሊነጋጋ ሲል ጋደም ይላል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንዱ የቤት ሰው በሩን ገፋ አድርጎ ያየውና፣ «ይሄ ሥራ ፈት፣ እስካሁን ተኝቷል?» ይላል።

«ሥራ ፈት» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ክርክሩ ያለው እሷ ውስጥ ነው።

እኛ «ሥራ» የምንለው ቃል ሁለት ነገር ተሸክሟል። ልብስ አጥቦ፣ ቤት ወልውሎ የዋለ ሰው «ዛሬ ሥራ ገደለኝ» ይላል፤ ማንም አይከራከረውም። ያው ሰው «ሥራ አለህ ወይ?» ሲባል «የለኝም፣ እየፈለግሁ ነው» ብሎ ይመልሳል። የመጀመሪያው ሥራ ድካሙ ነው። ሁለተኛው ሰውን የሚያስተዳድረው፣ «እገሌ ሥራ ያዘ» የሚያስብለው ነው። ልጁ «ሥራ ላይ ነኝ» ሲል ስለ መጀመሪያው ያወራል። አባቱ «ሥራ ያዝ እንጂ» ሲሉ ስለ ሁለተኛው። ሁለቱም ልክ ናቸው። አንድ ቃል ይዘው ስለ ሁለት ነገር ሲጨቃጨቁ ይመሻል።

ይህን ልዩነት አጥርተው ያስቀመጡት፣ የሚገርመው፣ የስታቲስቲክስ ሰዎች ናቸው። በ2013 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የሚያስተናግደው 19ኛው የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ ነገሩን ለሁለት ከፈለው። ለራሱም ሆነ ለሌላ ሰው የሚሆን ዕቃ ወይም አገልግሎት ያመረተ ሰው ሥራ ሠርቷል፤ ተከፈለውም አልተከፈለውም። «ተቀጥሮ ወይም በግሉ እየሠራ ያለ» ተብሎ የሚቆጠረው ግን ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሠራው ነው። ታዲያ ስንት ሰዓት መሥራት አለበት? ጥናቱ በሚጠይቀው ሳምንት ውስጥ 1 ሰዓት። አንዲት ሰዓት ብቻ። ለትርፍ የሚንቀሳቀስ ሰው ሳምንቱ በኪሳራ ቢያልፍበት እንኳ ከቁጥሩ አይወጣም።

በዚህ መስፈሪያ ከቪዲዮው ገንዘብ የሚያገኘው ልጅ ባንክ ቤት ከሚሠራው ጎረቤቱ ጋር አንድ ዓምድ ውስጥ ይገባል። ለጓደኞቹ ደስታ ብሎ ቪዲዮ የሚለጥፈው ደግሞ ሥራ ሠርቷል፣ ግን ሥራ አልያዘም። ትርጉሙ ውስጥ ቢሮ፣ ከረባት ወይም የመግቢያ ሰዓት የሚል ነገር የለም።

ስለዚህ ጥያቄው በወረቀት ላይ ተመልሷል። ቤት ውስጥ ግን አልተመለሰም። ራት ላይ ማንም ጉባኤ አይጠቅስም። ሰው «ይሄ እውነተኛ ሥራ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ በሆዱ ያለው ሌላ ነው። ድካም አለበት ወይ? ያኖራል ወይ? ነገም ይኖራል ወይ? ሰው ፊት ሲናገሩት አያሳፍርም ወይ?

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ቶሎ ያልቃልና። ሰውን በማዝናናት ወይም በመናገር የሚኖርን ሰው መናቅ ዩቲዩብ ያመጣው ነገር አይደለም። አዳም ስሚዝ በ1776 ባሳተመው ዝነኛ የኢኮኖሚክስ መጽሐፉ ምንም የማያፈሩ ያላቸውን ሙያተኞች ሲዘረዝር ተዋንያንን፣ ቀልደኞችን፣ ሙዚቀኞችንና ዳንሰኞችን ጠቅሷል። ሰዎቹን መናቁ ነው እንዳንል እዚያው ዝርዝር ላይ ቄሶችን፣ የሕግ ባለሙያዎችንና ሐኪሞችንም አስገብቷቸዋል። ምክንያቱ የሁሉም ሥራ በተሠራበት ቅጽበት ጠፍቶ ይቀራል የሚል ነበር። ተዋናዩ ተናግሮ ሲጨርስ በእጅ የሚዳሰስ ነገር አይቀርም። ይህ ክስ ቪዲዮ ላይ ግን አይሠራም። ዛሬ የተጫነ ቪዲዮ ሠሪው ተኝቶ ሳለ ይታያል፤ ከአምስት ዓመት በኋላም ይታያል። ስሚዝ ቢኖር ሌላ ዝርዝር የሚያወጣ ይመስለኛል።

ስድስት ደቂቃ ስንት ሰዓት ነው?

ድካሙን በሩቁ ከማወራ ራሴ የሞከርኩትን ልንገራችሁ። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ እንዴት እንደሚጠገን የሚያሳይ ቪዲዮ ለመሥራት ተነሣሁ። ቧንቧውን ለመጠገን ሩብ ሰዓት ይበቃኛል። ቪዲዮው ስድስት ደቂቃ ነው። በአንድ ከሰዓት ይጠናቀቃል ብዬ ነበር።

መጀመሪያ ስልኩን የት ላስቀምጥ? ከላይ ሳደርገው ጭንቅላቴ ይጋርደዋል። ከጎን ሳደርገው እጄ ብሎኑን ይሸፍነዋል፤ የሚታየው የእኔ ክርን ብቻ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ መብራት ደግሞ ቧንቧው ላይ እያንጸባረቀ ዓይን ያጠፋል። መብራቱን በነጭ ጨርቅ ጋረድኩት። ጥገናውን ጨርሼ ሳየው ዋናውን ነገር፣ ያረጀችውን ጎማ የማወጣበትን ቅጽበት፣ አልቀረጽኩትም። ስለዚህ የተጠገነውን ቧንቧ ፈታሁና አሮጌዋን ጎማ መልሼ ከትቼ እንደገና አወጣኋት። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ማለት ይሄ ነው።

ከዚያ ኤዲት መጣ። ድምፄን ስሰማ በየሦስት ቃሉ «እ...» እላለሁ። እያንዳንዷን «እ» ቆርጬ ጣልኩ። ስቆርጥ ጭንቅላቴ ከግራ ወደ ቀኝ ይዘላል፤ ያንን ለመሸፈን የቧንቧውን ምስል በላዩ አስገባሁ። ርዕስ አወጣሁ። ሰው ከመጫኑ በፊት የሚያያትን ትንሿን ምስል፣ ታምብኔሏን፣ አራት ጊዜ ቀየርኩ። ሲጠናቀቅ 11 ሰዓት ፈጅቶብኛል። ጎበዝ ኤዲተር በግማሹ ይጨርሰው ነበር፤ አልክድም።

ከሁሉ የከፋው በማግስቱ መጣ። ዩቲዩብ ለባለ ቻናሉ አንድ የመስመር ሥዕል ያሳያል፤ ተመልካቹ በየትኛዋ ሰከንድ ጥሎ እንደሄደ የሚናገር። የእኔ መስመር እስከ 22ኛዋ ሰከንድ ድረስ ገደል ነው። ግማሹ ሰው ሄዷል። ምን እያደረግሁ ነበር? ሰላምታ እየሰጠሁ። «እንደምን አላችሁ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ» ስል ቧንቧው የሚያንጠባጥብበት ሰው ሄደ። በዚህ መተዳደር የሚፈልግ ሰው ያንን መስመር በየሳምንቱ ያነባል፤ የሚቀጥለውንም ቪዲዮ በእሱ ያስተካክላል። አስተማሪም ቢሆን፣ ተማሪው በየትኛዋ ሰከንድ እንዳዛጋ በሥዕል የሚነገረው የለም።

ስለዚህ «ድካም አለበት ወይ?» የሚለውን ለራሴ ዘግቼዋለሁ። አለበት።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ስንት ቪው አለው?» ይላል፤ ቪው ራሱ ገንዘብ ይመስለዋል። ቪው ገንዘብ አይደለም። ገንዘቡ የሚመጣው በቪዲዮው ላይ ማስታወቂያ ካስነገረው ድርጅት ነው።

ዩቲዩብ በ2005 ሲጀመር ቪዲዮ ለሚጭን ሰው የሚከፍለው አልነበረም። ጎግል በ2006 በ1.65 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። በ2007 ከማስታወቂያው ገቢ ለተመረጡ ሠሪዎች ማካፈል ጀመረ። «ዩቲዩበር» የሚለው መተዳደሪያ የተወለደው ያኔ ነው። ዛሬ በረጅም ቪዲዮ ላይ ከታየ ማስታወቂያ 55 በመቶው ለሠሪው ይሄዳል፣ 45 በመቶውን ዩቲዩብ ያስቀራል። በሾርትስ፣ ማለትም በአጫጭሮቹ ቪዲዮዎች፣ ከ2023 ወዲህ ለሠሪዎች ከሚደለደለው ገንዘብ የሠሪው ድርሻ 45 በመቶ ነው።

ግን በሩ ላይ ዘበኛ አለ። ከ2018 ጀምሮ የማስታወቂያ ድርሻ ለማግኘት 1,000 ሰብስክራይበርና ባለፉት 12 ወራት 4,000 የእይታ ሰዓት ያስፈልጋል። (በሾርትስ የሚመጣ ሰው ሌላ መንገድ አለው፤ በ90 ቀን 10 ሚሊዮን እይታ።) 4,000 ሰዓት ስንት ነው? 240,000 ደቂቃ። ስድስት ደቂቃ የሆነውን የቧንቧ ቪዲዮዬን ሰው በአማካይ ሦስት ደቂቃ ቢያየው 80,000 ጊዜ መታየት አለበት ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ያለው ድካም ሁሉ በነጻ ነው። «ሞኒታይዝ ሆንኩ» ብሎ ኬክ የሚቆርስ ሰው ስታዩ አትሳቁበት፤ ያንን ደጅ ለማለፍ ወራት ጠንቷል።

ካለፈ በኋላስ? ለምሳሌ ያህል እንበል፣ አንድ ቻናል በ1,000 እይታ 2 ዶላር ይደርሰዋል። 100,000 ጊዜ የታየ ቪዲዮ 200 ዶላር ያስገኛል። መቶ ሺህ ሰው ብዙ ነው፤ ትልቅ ስታዲየም ይሞላል። ሁለት መቶ ዶላር ግን ስታዲየም አይሞላም። ያ 2 ዶላር ደግሞ እንደ ርዕሱና እንደ ተመልካቹ አገር ይለያያል። ስለ ገንዘብ አያያዝ ወይም ስለ ሶፍትዌር የሚያወራ ቻናል ላይ ማስታወቂያ ለማስነገር ድርጅቶች ይሻማሉ፤ ቀልድ ላይ ያን ያህል አይሻሙም። ወሩም ለውጥ አለው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ፈረንጆቹ ለበዓል ሲገበያዩ ይወጣል። በጃንዋሪ ዱብ ይላል። ያው ሰው፣ ያው ድካም፣ ያው እይታ፣ ግን የተቀነሰ ገቢ።

ለዚህ ነው የቆዩት ሰዎች በማስታወቂያ ድርሻ ላይ ብቻ የማይደገፉት። ስፖንሰር ይፈልጋሉ፣ አባልነት ይከፍታሉ (ከአባልነት ክፍያ ለሠሪው 70 በመቶው ይደርሳል)፣ ኮርስ ወይም የራሳቸውን ዕቃ ይሸጣሉ። ቪዲዮው በዚያን ጊዜ ሱቁ ሳይሆን የሱቁ መስኮት ይሆናል።

አጠቃላይ ገንዘቡ ትንሽ ነው ማለቴ አይደለም። ዩቲዩብ በ2024 መጀመሪያ ላይ እንደገለጸው በሦስት ዓመት ውስጥ ከ70 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፍሏል። ይህ ግን ለግለሰብ ቪዲዮ ሠሪ ብቻ የሄደ አይደለም፤ የሙዚቃና የሚዲያ ኩባንያዎችም ተካፍለውታል። ክፍፍሉ ደግሞ እኩል አይደለም። የአሜሪካው ባንክ ጎልድማን ሳክስ በ2023 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን የሚሆኑ ይዘት ፈጣሪዎች ሲኖሩ፣ በዓመት ከ100,000 ዶላር በላይ የሚያገኙት 4 በመቶ ገደማ ናቸው። ሁላችንም የምናውቃቸው ከ4 በመቶዎቹ ጫፍ ላይ ያሉትን ነው። ሚስተር ቢስት የሚባለው ጂሚ ዶናልድሰን እንኳ ቪዲዮ መጫን የጀመረው በ2012፣ በ13 ዓመቱ ነው። ስሙ በሰፊው የወጣው በ2017፣ ካሜራ ፊት ተቀምጦ እስከ 100,000 ሲቆጥር ነው። መሃል ያሉትን አምስት ዓመታት ማንም አያወራቸውም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልበል። ኳስ የሚጫወት ልጅ ስፍር ቁጥር የለውም፤ በኳስ የሚተዳደር ጥቂት ነው። እንደዚያም ሆኖ «ኳስ ተጫዋችነት ሥራ አይደለም» የሚል አልሰማሁም። የሚባለው «ከባድ ነው፣ ሁሉም አይደርስም» ነው። ለቪዲዮም የሚገባው ዓረፍተ ነገር ይኸው ይመስለኛል።

አለቃው ማን ነው?

እኔን የሚያሳስበኝ ድካሙም ገንዘቡም አይደለም። አለቃው ነው።

ቪዲዮ ሠሪ «የራሴ አለቃ ነኝ» ማለት ይወዳል። ግማሽ እውነት ነው። መቼ እንደሚነሣ፣ ምን እንደሚለብስ፣ ስለ ምን እንደሚያወራ ራሱ ይወስናል። ቪዲዮው ለማን እንደሚታይ ግን አይወስንም። ያንን የሚወስነው አልጎሪዝሙ፣ ማለትም ቪዲዮ እየመረጠ ለተመልካች የሚያቀርበው የመድረኩ ፕሮግራም ነው። በ1,000 እይታ ስንት እንደሚደርሰው አይደራደርም። ደንቡ ሲቀየር ኢሜይል ይደርሰዋል፤ ቢቃወም የሚሰማው የለም። ከታመመ የሕመም ፈቃድ የለም። ቻናሉ ቢዘጋ የስንብት ክፍያ የለም። ጡረታም ራሱ ካልቆጠበ የለም። የነጋዴን ስጋት ይሸከማል፤ የነጋዴን ሥልጣን ግን አልያዘም።

ለዚህ ዓይነቱ ሰው ስም አልነበረውም። በ2018 የተደረገው 20ኛው የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ አንድ አዲስ ምድብ ጨመረ። በአማርኛ «ጥገኛ ሥራ ተቋራጭ» ብንለው ያስኬዳል። ውሉ የንግድ ውል ነው፣ ተቀጣሪ አይደለም። ግን ወደ ገበያው የሚያስገባውን በር ወይም ዋጋውን ሌላ አካል ይዞታል። እኔ እንደማየው ገቢው ሁሉ ከአንድ መድረክ የሚመጣ ቪዲዮ ሠሪ ቁጭ ብሎ ፎቶ የተነሣ ያህል እዚህ ምድብ ውስጥ ይታያል።

ጥገኝነቱ ምን እንደሚመስል ያለፉት ዓመታት አሳይተውናል። በ2017 ማስታወቂያቸው ከጽንፈኛ ቪዲዮዎች ጎን ሲታይ ያዩ ትልልቅ ኩባንያዎች ከዩቲዩብ ማስታወቂያቸውን አነሡ። ዩቲዩብ ደንቡን አጠበቀ። ከጽንፈኛ ጋር ምንም የማይገናኙ ሰዎችም ገቢያቸው ወረደ። በ2019 ጎግል የሕፃናትን መረጃ በመሰብሰብ በአሜሪካ ለቀረበበት ክስ 170 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ በሕፃናት ቪዲዮ ላይ ተመልካቹን እያጠና የሚመጣው ማስታወቂያ ቀረ። ቅጣቱን የከፈለው ጎግል ነው፤ ወርሃዊ ገቢው የቀነሰው ግን የሕፃናት ቪዲዮ ሠሪውም ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። በሰኔ 2020 መጨረሻ ላይ ሕንድ ቲክቶክን ጨምሮ 59 የቻይና አፖችን አገደች። በዚያች አገር ቲክቶክ ወደ 200 ሚሊዮን ተጠቃሚ ነበረው። ሚሊዮን ተከታይ የነበረው ሰው በማግስቱ ተከታይ የለውም። ተከታዮቹ አልጠሉትም፤ መንገዱ ነው የጠፋው። ከዚያ በፊትም የስድስት ሰከንድ ቪዲዮዎች መድረክ የነበረው ቫይን በ2017 ሲዘጋ እንዲሁ ሆኗል። ተከታይ የአንተ የሚመስልህ መድረኩ እስካለ ድረስ ነው።

ዝም ያላሉም አሉ። ጀርመናዊው ዮርግ ሽፕራቨ ወንጭፍ እየሠራ በቪዲዮ የሚያሳይ ሰው ነው። አዎ፣ ወንጭፍ። የማስታወቂያ ደንቡ ሲጠብቅ ገቢው ተጎዳ። በ2018 የዩቲዩበሮች ማኅበር አቋቋመ። በ2019 አይጂ ሜታል የተባለው ግዙፉ የጀርመን የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር አብሮት ቆመ። የመኪና ፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበር ከወንጭፍ ቪዲዮ ሠሪ ጋር! ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፦ ቪዲዮዬ ለምን ከማስታወቂያ እንደታገደ ንገሩኝ፣ የማናግረው ሰው ስጡኝ።

ግብር ሰብሳቢው በበኩሉ ጉዳዩን ከወላጆች በፊት ጨርሶታል። ቪዲዮ ሥራ ነው ወይስ ጨዋታ ብሎ አይፈላሰፍም፤ ገቢውን ያያል። የአሜሪካ ሕግ አንድ ሥራ ካለፉት 5 ዓመታት ቢያንስ በ3ቱ ካተረፈ ለትርፍ የሚሠራ ንግድ ነው ብሎ ይነሣል። ፈረንሳይ በ2023 የተፅዕኖ ፈጣሪዎችን ንግድ በሕግ ተረጎመች፤ የተከፈለበት ማስታወቂያ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ አለች። ከዚያ ቀደም ብላ በ2020 ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ቪዲዮ ላይ ሲሠሩ የሚገኘው ገንዘብ እስኪያድጉ የሚጠበቅበትን ደንብ አውጥታለች። በአሜሪካ የኢሊኖይ ግዛትም ከሐምሌ 2024 ጀምሮ የቤተሰብ ቪዲዮ ላይ የሚታይ ልጅ ድርሻ እንዲቀመጥለት አዟል። ልጁን እያጫወተ ለሚቀርጽ ወላጅ ቪዲዮው ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። ሕጉ ግን ልጁን እንደ ሠራተኛ እያየው ነው።

በ2019 የመጫወቻ አምራቹ ሌጎ ያስጠናውና ከ8 እስከ 12 ዓመት ያሉ 3,000 ልጆች የተጠየቁበት ጥናት ነበር። የአሜሪካና የእንግሊዝ ልጆች ከጠፈር ተመራማሪነት ይልቅ ዩቲዩበርነትን ሦስት እጥፍ ያህል መረጡ። የቻይናዎቹ ጠፈሩን አስቀደሙ። ብዙ ትልልቅ ሰው በዚህ ደነገጠ። እኔ አልደነገጥኩም። ልጅ በየቀኑ የሚያየውን ሥራ ይመኛል፤ ጠፈርተኛን በየቀኑ አያይም።

ያደገው ልጅ መጥቶ «ቅጥሬን ትቼ ወደ ቪዲዮ ልግባ?» ቢለኝ ግን ቪው አልጠይቀውም። ምርጧን ወሩን ትቶ የ12 ወሩን አማካይ እንዲነግረኝ እፈልጋለሁ፤ ጃንዋሪም ትግባበት። ከዚያ ገቢው ከስንት ቦታ እንደሚመጣ እጠይቀዋለሁ። ከአንድ ቦታ ከሆነ በአንድ እግሩ ነው የቆመው። ቀጥዬ አንድ ወር ምንም ቪዲዮ ሳይጭን ቢቀመጥ ገቢው ምን እንደሚሆን። የቆዩት ቪዲዮዎች እየሠሩ ካስገቡለት ጥሩ ነው። በወሩ ድርቅ ካለ፣ በየሳምንቱ መሮጥ ሊያደክመው ነው፤ በዚህ ሙያ ብዙ ሰው የሚወድቀው በእይታ ማነስ ብቻ ሳይሆን በመታከትም ነው። መልሱ ደካማ ከሆነ ቅጥሩን ይዞ ማታ ማታ ይቀጥል። ማታ የሚሠራም ሥራ ነው።

የእኔ የቧንቧ ቪዲዮ እስከ ትናንት 412 ጊዜ ታይቷል። ከ80,000 ትንሽ ይቀረዋል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት «እንዳሉት ጎማውን ቀየርኩ፣ ግን አሁንም ከመያዣው ሥር ያንጠባጥባል» ብላ ጻፈች። የቧንቧውን ፎቶ እንድትልክ ጠየቅኋት፣ ላከች፣ ብሎኑ ሳይጠብቅ መቅረቱን አይቼ ጻፍኩላት። ሃያ ደቂቃ ወሰደብኝ። በጉባኤው ትርጉም ሥራ ሠርቻለሁ፤ ሥራ ግን አልያዝኩም። ማታ ላይ «ቆመ!» ብላ መለሰች።